ካርፓቲካ ወይስ ፐርሲሲፎሊያ፦ ሁለት የደወል አበቦች ሲነጻጸሩ

በላቲን «ትንሽ ደወል» ማለት የሆነው ካምፓኑላ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዝርያዎች ቢኖሩትም፣ ለአትክልት ስፍራ ውበት ሲባል እነዚህን ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት ይጠቅማል።

ስሙን ከአውሮፓ የካርፓቲያ ተራሮች የወሰደው ካምፓኑላ ካርፓቲካ ቁመቱ ከ15 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ፣ ተጠጋግቶና ክብ ሆኖ የሚያድግ ተክል ነው። ጽዋ የሚመስሉት ሰማያዊ ወይም ነጭ አበቦቹ ወደ ላይ ስለሚያዩ፣ ቆሞ ቁልቁል ለሚመለከታቸው ሰው ውበታቸው ሙሉ በሙሉ ይገለጣል። ስለዚህ ለመደብ ጠርዝና ለድንጋይ መካከል እጅግ ተስማሚ ነው። ይሁን እንጂ ውኃ የሚያቁር አፈር ሥሩን ስለሚያበሰብሰው፣ ከባድ ጭቃ ባለበት ቦታ ባይተከል ይሻላል።

ቅጠሉ የኮክ ቅጠል ስለሚመስል በዚሁ የተሰየመው ካምፓኑላ ፐርሲሲፎሊያ ደግሞ ቀጥ ያለ ቀጭን ግንዱ ከ60 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ከፊል ጥላንም በደንብ ይችላል። ተቆርጦ ቤት ውስጥ ለሚቀመጥ አበባ የምመርጠው ያለጥርጥር እርሱን ነው። ነፋስ ሲበረታ ግን ድጋፍ ይፈልጋል፤ ዘሩንም ራሱ ስለሚበትን፣ መስፋፋቱን የማይወድ ሰው የጠወለጉትን አበቦች ዘር ከመያዛቸው በፊት ሊቆርጣቸው ይገባል።

ሁለቱም ዘላቂ ተክሎች ናቸው፤ በየጥቂት ዓመቱ ከነሥራቸው ተከፍለው እንደገና ቢተከሉ ኃይላቸው ይታደሳል። ቦታው ሰፊ ከሆነ ረጅሙን ከኋላ፣ አጭሩን ከፊት መትከል ይቻላል፤ ጠባብ ከሆነና ፀሐይ የሚያገኝ ከሆነ ግን ምርጫዬ ካርፓቲካ ነው።