ተጎታች ቤትን ለክረምት የሚያዘጋጀው ባለ ሦስት መንገድ ቫልቭ፦ ከሦስት ዓመት አገልግሎት በኋላ

በዚህ ጽሑፍ ክረምት የምለው የዝናቡን ወቅት ሳይሆን ውሃ የሚያረጋውን የውርጭ ወቅት ነው። ተጎታች ቤት ያለው ሰው ይህ ወቅት ሲቃረብ በወለሉና በአልጋው ሥር በተዘረጋው ቀጭን ቧንቧ ውስጥ ተኝቶ የቀረውን ውሃ እንዴት እንደሚያስወግደው ማሰብ ይጀምራል፤ ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ 9 በመቶ ያህል ስለሚጨምር መስፋፊያ ባጣበት ጠባብ ቦታ ሁሉ ፕላስቲኩንም ናሱንም ይሰነጥቃልና። ለዚህ ሥራ ከሚሸጡት ዕቃዎች መካከል እኔ ሦስት ክረምት የተጠቀምኩበትን አንዱን፣ ማለትም በውሃ ፓምፑ መግቢያ ላይ የሚገጠመውን ባለ ሦስት መንገድ ቫልቭና አብሮት የሚመጣውን የመሳቢያ ጎማ፣ ጥንካሬውንም ድክመቱንም ሳልሸሽግ እገመግማለሁ። ፍርዴን አስቀድሜ ለመናገር ያህል፣ ዕቃው የተሠራለትን አንድ ሥራ በሚገባ ይሠራል፤ በደቂቃዎች ውስጥ ሁሉንም ይጨርሳል የሚለው የማሸጊያው ጽሑፍ ግን ከሥራው ግማሹን ዘንግቶታል።

ዕቃው ሲታይ ተራ ነው። ሦስት አፍ ያለው የፕላስቲክ ቫልቭ፣ በእጅ የሚጠብቁ ማያያዣዎች፣ ጠፍጣፋ ጎሚኒዎችና አንድ ሜትር የማይሞላ ውስጡ የሚታይ ጎማ ነው። የሚገጠመው በንጹሕ ውሃ ማጠራቀሚያውና በፓምፑ መካከል ሲሆን፣ መያዣው ወደ አንድ ጎን ሲዞር ፓምፑ እንደ ወትሮው ከማጠራቀሚያው ይስባል፤ ወደ ሌላው ጎን ሲዞር ደግሞ በጎማው በኩል ከጀሪካን አንቲፍሪዝ፣ ማለትም በብርድ ቧንቧ እንዳይፈነዳ የሚከላከል ፈሳሽ፣ ይስባል። በዚህ መንገድ በ12 ቮልት የሚሠራው የቤቱ የራሱ ፓምፕ አንቲፍሪዙን በሁሉም ቧንቧ ውስጥ ያዳርሳል። ይህ ቫልቭ ከሌለ አንዱ አማራጭ አንቲፍሪዙን ማጠራቀሚያው ውስጥ መገልበጥ ነው፤ ያ ደግሞ ፓምፑ ሊደርስበት የማይችል ብዙ ፈሳሽ ከታች አስቀርቶ ከማባከኑም በላይ ብርዱ ሲያልፍ ማጠራቀሚያውን ደጋግሞ የማጠብ ሥራ ያስከትላል።

ዕቃውን ወደ መግዛት ያደረሰኝ ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት የደረሰብኝ ነገር ነው። በዚያ ዓመት ሥራውን ቤት ድረስ መጥቶ ለሚሠራ ባለሙያ ሰጥቼ ነበር። ሰውየው ኮምፕረሰሩን አገናኝቶ ቧንቧዎቹን በሩብ ሰዓት ውስጥ በአየር ነፋና ሒሳቡን ተቀብሎ ሄደ። ብርዱ ካለፈ በኋላ ውሃ ስለቅበት፣ በውጭው ግድግዳ ላይ ካለችው ትንሽ የሻወር ሳጥን በስተጀርባ የሚንጠባጠብ ድምፅ ሰማሁ። ሳጥኗን ፈትቼ ሳወጣ፣ ሙቁንና ቀዝቃዛውን የሚያቀላቅለው የፕላስቲክ አካል ከጀርባው በኩል ፀጉር በምታክል መስመር ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቆ አገኘሁት። ባለሙያው የውስጡን ቧንቧዎች ሁሉ ሲከፍት ይህችን አንዷን ረስቷት ነበር። ዕቃዋ ርካሽ ብትሆንም ውሃው በግድግዳው ውስጥ ያለውን ኮምፔንሳቶ አርሶት ስለነበር ለማድረቅ ሳምንታት ፈጅቶብኛል። የራሴን ቤት ማዕዘን ሁሉ የማውቀው እኔ ስለሆንኩ ሥራውን ራሴ መሥራት እንዳለብኝ የወሰንኩት ያን ጊዜ ነው።

ገጠማው ቀላል ነው ይባላል፤ ቀላልነቱ ግን ፓምፑ በተቀመጠበት ቦታ ይወሰናል። በእኔ ቤት ፓምፑ ያለው በመመገቢያው አግዳሚ ሥር፣ አንድ እጅ እንጂ ሁለት እጅ በማያስገባ ክፍተት ውስጥ ነው። ማጠራቀሚያውን አስቀድሜ ባዶ ባደርግም የመግቢያውን ጎማ ስፈታ በውስጡ የቀረው ውሃ ወለሉ ላይ ስለፈሰሰ፣ አሮጌ ፎጣ ከሥር ማንጠፍ ይገባል። ቫልቩን ገጥሜ፣ ጎማውን ጀሪካን ውስጥ ነክሬ ፓምፑን ስከፍተው ድምፁን እያሰማ ዞረ እንጂ ምንም አልሳበም። ጎማውን ቀረብ ብዬ ስመለከት፣ ሮዝ ቀለም ያለው ፈሳሽ ጥቂት ከፍ ብሎ ይቆምና የአየር አረፋዎች እንደ ዶቃ ተከታትለው ያልፉበታል። የመጀመሪያው ሐሳቤ የቧንቧ ሠራተኛ ሁሉ እንደሚያደርገው ጥርሱ ላይ ቴፍሎን መጠቅለል ነበር፤ ጠቀለልኩት፤ ይባስ ብሎ ፈሳሹ ጨርሶ መውጣት አቆመ።

ነገሩ የገባኝ ለሦስተኛ ጊዜ ስፈታው ነው። እነዚህ በእጅ የሚጠብቁ ማያያዣዎች አየር የማያሳልፉት በጥርሳቸው ሳይሆን ከውስጥ በምትቀመጠው ጠፍጣፋ ጎሚኒ ነው፤ ቴፍሎኑ ጥርሱን አወፍሮ ማያያዣው ጎሚኒዋን ሳይጫናት እንዲቆም አድርጎት ነበር። ጎሚኒዋም ራሷ በመጀመሪያው ገጠማ ወደ አንድ ጎን ታጥፋ ቀርታለች። ቴፍሎኑን ልጬ፣ ጎሚኒዋን በጣቴ አስተካክዬ፣ ያለ ፒንሳ በእጄ ብቻ ሳጠብቀው አረፋዎቹ ጠፉ። ልብ ሊባል የሚገባው፣ ይህ መጋጠሚያ ያለው በፓምፑ የመሳቢያ ወገን በመሆኑ ክፍተት ቢኖረውም ውሃ አያንጠባጥብም፤ ይልቁንም አየር ወደ ውስጥ ይስባል። ስለዚህ ደረቅ መሆኑን አይቶ ደኅና ነው ብሎ የሚያምን ሰው ይሳሳታል። አብሮ የመጣው ባለ አንድ ገጽ መመሪያ ስለዚህ አንድ ቃል አይናገርም፤ እኔም በዕቃው ላይ ካሉኝ ቅሬታዎች ቀዳሚው ይኸው ነው።

ሁለተኛው ቅሬታዬ መያዣው ነው። ማንም ሰው የቫልቭ መያዣ የሚያመለክተው ፈሳሹ የሚመጣበትን ወገን ነው ብሎ ያስባል፤ በዚህ ቫልቭ ላይ ግን የሚያመለክተው የተዘጋውን አፍ ነው። በፕላስቲኩ ላይ የተቀረጸው ምልክትም ከፕላስቲኩ ጋር አንድ ዓይነት ቀለም ስላለው በአግዳሚው ሥር ባለው ጨለማ አይታይም። እኔ በሁለቱም አቅጣጫዎች ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፌ በማርከር ጽፌበታለሁ። ጎማውም አጭር ስለሆነ ጀሪካኑን ፓምፑ አጠገብ ማስቀመጥ ግድ ይላል፤ ለመጠጥ ውሃ በሚሆን ረጅም ጎማ ለውጬ በፋሼታ አስሬዋለሁ።

ወደ አንቲፍሪዙ ስንመጣ፣ ቫልቩ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን የሚስበው ፈሳሽ ትክክለኛው ካልሆነ ዋጋ የለውም። ለዚህ ሥራ የሚሆነው በፕሮፒሊን ግላይኮል የተሠራው ነው። ለመኪና ሞተር የሚሸጠውና በኤትሊን ግላይኮል የተሠራው መርዛማ ስለሆነ የመጠጥ ውሃ በሚያልፍበት ቧንቧ ውስጥ ፈጽሞ ሊገባ አይገባም። ሮዝ ቀለም ብቻውን ማረጋገጫ ስላልሆነ ጀሪካኑ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ያስፈልጋል፤ በአልኮል የተሠሩ ርካሽ ዓይነቶችም አሉ፤ እነሱ ተቀጣጣይ ከመሆናቸውም በላይ የቧንቧዎቹን ጎሚኒ ያደርቃሉ። በብዙዎቹ ጀሪካኖች ላይ የሚነበበው ከዜሮ በታች 50 ዲግሪ ፋራናይት፣ ማለትም ከዜሮ በታች 46 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የሚለው ቁጥርም ብዙ ሰው ያሳስታል። ቁጥሩ የሚናገረው ቧንቧ እንዳይፈነዳ የሚጠብቅበትን ደረጃ እንጂ ፈሳሹ ሳይረጋ የሚቆይበትን አይደለም፤ ፈሳሹ ከዚያ እጅግ ቀደም ብሎ ገንፎ መሰል ነገር ይሆናል፤ ይህም ቧንቧን ስለማይጎዳ አያስደነግጥም። የሚያስደነግጠው በውሃ መቅጠኑ ነው። በቧንቧው ውስጥ ብዙ ውሃ ቀርቶ ከአንቲፍሪዙ ጋር ከተቀላቀለ መከላከያው ይዳከማልና፣ ከቤቱ በታች ያሉትን ዝቅተኛ ማፍሰሻዎች ከፍቶ ውሃውን አስቀድሞ ማንጠፍ የግድ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ በእውነቱ ደስ ይላል። ማፍሰሻዎቹ ተዘግተው ፓምፑ ሲከፈት፣ ከፓምፑ በጣም ቅርብ ካለው ቧንቧ ጀምሬ መጀመሪያ ሙቁን፣ ቀጥሎ ቀዝቃዛውን ሮዝ ፈሳሽ በደንብ እስኪወርድ ድረስ እከፍታለሁ። ወጥ ቤቱ፣ የእጅ መታጠቢያው፣ ሻወሩ፣ የመጸዳጃው መልቀቂያ፣ በመጨረሻም ያች የውጭ ሻወር ይከተላሉ። ቀለሙ መጀመሪያ ፈዝዞ ይመጣል፤ ወዲያው ከመዝጋት ይልቅ በጀሪካኑ ውስጥ ያለውን ያህል እስኪደምቅ መጠበቅ ይገባል። አንድ መታጠቢያና አንድ ወጥ ቤት ላለው ቤቴ 8 ሊትር ያህል ይበቃዋል፤ በየሲፎኑ አንዳንድ ኩባያ ለመጨመር ደግሞ ተጨማሪ ጀሪካን እይዛለሁ።

ማሸጊያው የዘነጋው ግማሽ ሥራ የሚገኘው ግን ቦይለሩ ላይ ነው። በአነስተኛ ተጎታች ቤቶች የተለመደው ቦይለር 23 ሊትር ያህል የሚይዝ ሲሆን፣ ፈሳሹ ወደ ቦይለሩ ሳይገባ እንዲያልፍ የሚያደርጉት የመተላለፊያ ቫልቮች ካልዞሩ ያ ሁሉ በአንቲፍሪዝ እስኪሞላ ድረስ ከሙቁ ቧንቧ ሮዝ ፈሳሽ አይወጣም። ስለዚህ ኤሌክትሪኩንና ጋዙን ዘግቶ፣ ውሃው እስኪቀዘቅዝ ጠብቆ፣ የግፊት ማስተንፈሻውን ከፍቶ፣ ከዚያ የማፍሰሻውን መክደኛ ፈትቶ ማንጠፍና መተላለፊያውን ማዞር ያስፈልጋል። ውስጡ ብረት በሆነ ቦይለር ላይ መክደኛው ራሱን እየበላ ታንኩን ከዝገት የሚጠብቅ ዘንግ ይዞ ስለሚወጣ፣ ያን ጊዜ ዘንጉ ምን ያህል እንደተበላ ማየት ይቻላል። ቦይለሩ ባዶ መሆኑንም በማብሪያው ላይ ጽፎ መለጠፍ ይበጃል፤ ባዶውን በኤሌክትሪክ የተከፈተ ቦይለር ማሞቂያው ወዲያው ይቃጠላል።

ዕቃው የማይደርስበት ሌላው ቦታ የውጭ ውሃ ጎማ የሚገናኝበት መግቢያ ነው። እዚያ ያለው አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ ከበስተጀርባው ውሃ ስለሚይዝ፣ ማጣሪያ ወንፊቱን አውጥቶ መሐል ያለችውን ጫፍ በካቻቪቴ ገፋ በማድረግ ሮዝ ፈሳሽ እስኪወጣ መጠበቅ ያስፈልጋል። ይህን ከማድረግ በፊት ግን ፓምፑን ዘግቶ አንድ ቧንቧ በመክፈት ግፊቱን መቀነስ ይገባል፤ ሙሉ ግፊት እያለ ጫፏን የገፋ ሰው የቫልቩን ቀለበት ጎሚኒ ከቦታዋ ሊያስፈነጥራት ይችላል።

በአየር መንፋትን ከዚህ ዕቃ ጋር የሚያወዳድሩ ብዙዎች ናቸው። አየር ርካሽ ነው፣ ብርዱ ሲያልፍም የሚታጠብ ነገር አይተውም፤ ግፊቱ ግን ከ50 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ማለፍ የለበትም፣ በፓምፑ ውስጥና በቧንቧው እጥፋት ላይ የሚቀረውን ውሃም አይቶ ማረጋገጥ አይቻልም። ሮዝ ፈሳሽ በዓይን የሚታይ ማስረጃ ነው፤ እኔን ያሸነፈኝም ይኸው ነው። አሁን በ30 ፒኤስአይ ገደማ ቀለል አድርጌ እነፋና ከዚያ ቫልቩን እጠቀማለሁ፤ በዚህም የሚያስፈልገኝ አንቲፍሪዝ ቀንሷል። ባትሪው፣ የመንኮራኩሮቹ ጎማዎችና የአይጥ መግቢያ ቀዳዳዎቹ የራሳቸው ዝግጅት የሚሹ ናቸው፤ ከዚህ ዕቃ ጋር ግን ግንኙነት የላቸውም።

ስለ ዘላቂነቱ ደግሞ ይህን ልጨምር። በሦስተኛው ዓመት፣ ብርድ በሌለበት የጉዞ ወቅት፣ ቧንቧዎቹ አየር እየተፉ መቆራረጥ ጀመሩ። መነሻው የቫልቩ መያዣ የሚዞርበት እንዝርት መላላቱ ነበር፤ በእጄ ተጭኜ ስይዘው ውሃው ይስተካከላል፣ ስለቀው እንደገና አየር ይስባል። በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ለሚዞር ዕቃ ይህ ዕድሜ አጭር ነው። ተመሳሳይ ግማሽ ኢንች ጥርስ ባለው የናስ ቫልቭ ለወጥኩት፤ ማያያዣዎቹና ጎማው ደኅና ስለነበሩ አልተነኩም። ይሁንና ናሱ ከፕላስቲኩ እጅግ ስለሚከብድ፣ በጉዞ ላይ እየተንገጫገጨ የፓምፑን የፕላስቲክ መግቢያ እንዳይሰብረው ከአግዳሚው እንጨት ጋር በፋሼታና በሁለት ብሎን አሥሬዋለሁ።