አንድ ዓመት የለበስሁት የሽሮ ሜዳ ነጠላ

ባለፈው ዓመት በታኅሣሥ ወር፣ ገና ሳይደርስ፣ ለራሴ አንድ ነጠላ፣ ለታናሽ እህቴ ደግሞ የጥምቀት ቀሚስ ለመግዛት ወደ ሽሮ ሜዳ ወጥተን ነበር። ነጠላውን ዓመት ሙሉ ለብሼዋለሁ፤ ደጋግሜ አጥቤዋለሁ፤ ክረምትም አልፎበታል። ስለዚህ ስለ ዕቃውም ስለ ሱቁም የምለውን አሁን በሙሉ ልብ መናገር እችላለሁ። ልብስን በገዙበት ዕለት መገምገም መልኩን ብቻ አይቶ መፍረድ ስለሆነ ሆን ብዬ ቆይቻለሁ።

ሽሮ ሜዳ ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ በሚወጣው መንገድ፣ በአሜሪካ ኤምባሲ አካባቢ የሚገኝ፣ አዲስ አበባ ውስጥ የሀገር ባህል ልብስ የሚፈልግ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚያስበው ገበያ ነው። በሰፈሩ ከሚሠሩት ሸማኔዎች ብዙዎቹ ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜና ከጨንቻ የመጡ ወይም በአዲስ አበባ የተወለዱ የእነርሱ ልጆች ናቸው። በዋናው መንገድ ዳር ያሉት ሱቆች ያማሩ ናቸው፤ ወደ ውስጥ በሚያስገቡት ጠባብ መንገዶች ያሉት ግን አንድ በር፣ አንድ መደርደሪያ፣ አንዳንዴም ከጀርባቸው የሸማኔው ጉድጓድ ያላቸው ትንንሽ ቤቶች ናቸው።

መጀመሪያ የገባነው ከመንገድ ዳር ካሉት ወደ አንዱ ነበር። ስሙን አልጠቅስም፤ ያየሁትን ግን እናገራለሁ። እህቴ አዲስ ካፖርት ለብሳ ነበርና ሻጩ ገና ከበሩ ተቀበለን፤ ወንበር አቀረበልን፤ ቀሚሶቹንም አንድ በአንድ ያወርድ ጀመር። በዚህ መካከል ጠርዙ የተበላ፣ ከእጥበት ብዛት የሳሳ ነጠላ የለበሱ እናት ገቡና ለልጅ ልጃቸው ክርስትና የሚለብሱት ነጠላ እንደሚፈልጉ ተናገሩ። ሻጩ ካለበት ሳይንቀሳቀስ፣ «እማማ፣ የእኛ ዕቃ ይወደድብዎታል፤ ከውስጥ ካሉት ሱቆች ይጠይቁ» አላቸው። እርሳቸውም «እግዜር ይስጥልኝ ልጄ» ብለው ወጡ። ስንት ብር እንደያዙ የጠየቃቸው የለም። ሻጩ የለበሱትን ነጠላ አየ፤ ከእርሱም ኪሳቸውን ገመተ።

በቀረበልኝ ወንበር ላይ እንደተቀመጥሁ የያዕቆብ መልእክት ሁለተኛ ምዕራፍ ትዝ አለኝ። የወርቅ ቀለበት ያደረገ፣ የጌጥ ልብስ የለበሰ ሰው ሲገባ «በዚህ በመልካም ስፍራ ተቀመጥ» ይባላል፤ እድፋም ልብስ የለበሰው ድሀ ግን «ወደዚያ ቁም» ይባላል። ይህን ብዙ ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ በመልካሙ ስፍራ ላይ የተቀመጥሁት እኔ ሆኜ ግን አስቤው አላውቅም ነበር። ሐዋርያው ይህን የጻፈው ለነጋዴ ሳይሆን ለምእመናን ጉባኤ ነውና በሻጩ ላይ ብቻ ላሳብበው አልችልም። በአጥቢያችን ግቢ በበዓል ቀን አዲስ ቀሚስ የለበሰችው ስትመጣ ጠጋ ጠጋ ብለን ቦታ እንደምንሰጥ፣ ነጠላዋ ያረጀው ግን ራሷ ዳር ፈልጋ እንደምትቆም አይቻለሁ፤ ቦታ ከሚሰጡትም አንዷ ነበርሁ። በሌላ በኩል ያጌጠችውን ሴት ሁሉ ልቧ የኮራ ነው ብሎ መደምደምም ያው ፍርድ ነው፤ በልብስ ሀብትን መገመትም ሆነ በልብስ ጽድቅን መገመት ሁለቱም ሳሙኤል በእሴይ ቤት የተገሠጸበት ስሕተት ነው። «ሰው ፊትን ያያል፥ እግዚአብሔር ግን ልብን ያያል» የተባለው ለነቢይ መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ነቢዩ ከተሳሳተ እኛማ እንዴት አንሳሳትም?

ከዚያ ሱቅ ሳንገዛ ወጣን። ዋጋውም የሚቀመስ አልነበረም፤ እህቴ ለወደደችው ቀሚስ የተጠየቅነው 18,000 ብር ነበር። ወደ ውስጥ ገብተን ሦስት አራት ሱቅ ካየን በኋላ ባል የሚሸምንበት፣ ሚስት የምትሸጥበት አንድ ትንሽ ቤት አገኘን። ይህ ግምገማ በዋናነት የሚመለከተው እርሱን ነው። ስንገባ እነዚያ እናት ከመግቢያው ላይ ተቀምጠው ሁለት ነጠላዎችን በጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ያመዛዝኑ ነበር። ሴትዮዋም አንደኛው የፋብሪካ ክር እንደሆነ፣ ሌላው እጅ ፈትል እንደሆነ፣ በዋጋ የተለያዩትም ለምን እንደሆነ በትዕግሥት ትነግራቸው ነበር። እኛንም ያስተናገደችን በዚያው ድምፅና በዚያው ትዕግሥት ነው። ስለ መስተንግዶው ሌላ ማስረጃ አልፈለግሁም።

አሁን ወደ ነጠላው ልመለስ። የገዛሁት ድሩ የፋብሪካ ክር፣ ማጉ ግን እጅ ፈትል የሆነ፣ ጥለቱ ጠበብ ያለ ቀይና ወርቃማ ነጠላ ሲሆን 2,500 ብር ከፍያለሁ። ሸማኔው እግሮቹን ጉድጓድ ውስጥ አድርጎ ሌላ ሥራ ላይ ስለነበር ጥቂት ቆሜ አየሁት። መወርወሪያው ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ሲመላለስ ፈጣን ይመስላል፤ ጥለቱ ላይ ሲደርስ ግን ሥራው ሁሉ ይዘገያል፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ቀለም በጣት እየተቆጠረ ይገባል። የእኔን የመሰለ ነጠላ ሦስት ቀን ያህል እንደሚወስድበት፣ ጥለቱ የበዛ ቀሚስ ግን ሳምንታት እንደሚፈልግ ነገረኝ። በዮሐንስ ወንጌል ወታደሮቹ ሊቀዱት ያልወደዱት የጌታ እጀ ጠባብ ከላይ ጀምሮ ወጥ ሆኖ የተሠራ፣ ስፌት የሌለበት እንደነበር ተጽፏል። በዚህ ጉድጓድ አጠገብ እስክቆም ድረስ ያ ቃል አንድ ሸማኔ የደከመበትን ቀን እንደሚያመለክት ልብ ብዬው አላውቅም።

የሸማኔን ነገር ካነሣሁ አይቀር፣ በሀገራችን ይህ ሙያ ምን ያህል ሲናቅ እንደኖረ ማለፍ አልችልም። ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው ምክንያት መስደብን በዐዋጅ እስከ መከልከል የደረሱት ስድቡ የተለመደ ስለነበረ ነው። በእጁ ሥራ አጊጠን ወደ እግዚአብሔር ቤት እየገባን ሠሪውን ዝቅ አድርገን ማየታችን ለእኔ ከባድ ኃጢአት ነው። ስለዚህ ዋጋ ስንከራከር የሦስት ቀን የሰው ጉልበት መሆኑን እያሰብን እንድንከራከር እለምናለሁ።

የእህቴ ቀሚስ ነገር ግን የበለጠ አሳስቦኛል። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለውን ተረት ሁላችንም እንወደዋለን፤ እኔም እወደዋለሁ። ተረቱ ያለህን መልካም ልብስ ለትልቁ በዓል አውጣው፣ አትሰስት የሚል ነው፤ በየዓመቱ አዲስ ግዛ አይልም። ዛሬ ግን ልማዱ ወደዚያ ሄዷል። በየሱቁ ለአባት፣ ለእናትና ለልጆች አንድ ዓይነት ጥለት ያለው የቤተሰብ ልብስ ተሰቅሎ ይታያል። እህቴ በቁም ሳጥኗ ውስጥ ሦስት ደህና የሐበሻ ቀሚስ እያላት አራተኛ የፈለገችበትን ምክንያት ስጠይቃት፣ «እነዚያ እኮ ፎቶ ላይ ወጥተዋል» አለችኝ። አልዋሸችም። ቀሚሶቹ አላረጁም፤ አልጠበቧትም፤ ጥፋታቸው መታየታቸው ብቻ ነበር።

ጥር 11 ቀን የምናከብረው የጌታችንን በዮርዳኖስ መጠመቅ ነው፤ አጥማቂው ዮሐንስ ነው። ያ ዮሐንስ የግመል ጠጉር ለብሶ፣ ወገቡን በጠፍር ታጥቆ በበረሃ የኖረ ሰው ነው። ሕዝቡ «እንግዲህ ምን እናድርግ?» ብለው በጠየቁት ጊዜ አስቀድሞ የነገራቸው ስለ ጾም ወይም ስለ መሥዋዕት ሳይሆን ስለ ልብስ ነው፤ ሁለት ያለው ለሌለው ያካፍል አላቸው። ጌታም ስለ እርሱ ሲመሰክር ያጌጠ ልብስ የሚለብሱ በነገሥታት ቤት አሉ ብሎ ከእነርሱ ለይቶታል። እኛ ታዲያ የዚህን ሰው አገልግሎት በምናስብበት ዕለት አራተኛውን ቀሚስ ስንገዛ፣ ከበዓሉ ጋር የምንጋጨው በበዓሉ ስም መሆኑ ያስጨንቀኛል። ቅዱስ ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች የተጠመቃችሁ ሁሉ ክርስቶስን ለብሳችኋል ብሏቸዋል። ከዚህ የበለጠ የጥምቀት ልብስ ምን ሊኖር እንደሚችል ለእህቴ ስጠይቃት አልመለሰችልኝም፤ እኔም አላስጨነቅኋትም።

በነጭ ማጌጥን እየነቀፍሁ አይደለም። ታቦታቱ ወደ ጃን ሜዳ ሲወርዱ ምድሩን የሚሞላው ነጭ ሸማ ከሕፃንነቴ ጀምሮ ልቤን የሚያሞቅ ነገር ነው፤ ነጠላን መስቀለኛ አጣፍቶ መቆም ራሱ ጸሎት ያስጀምራል። ነጭ ልብስ ደግሞ ሀብታሙንና ድሀውን ከሩቅ ሲያዩት አንድ ያደርጋቸዋል። በየዓመቱ በጥለት ስፋትና በቀሚስ ዋጋ መፎካከር የሚያፈርሰው ይህንኑ አንድነት ነው።

ለዚህ ሱቅ ያለኝን አክብሮት ከፍ ያደረገውም ቀጥሎ የሆነው ነገር ነው። ሴትዮዋ ንግግራችንን ሰምታ፣ «ቀሚሱ ደህና ከሆነ ጥለቱን ብቻ እንቀይርላት፤ ምን አዲስ አስገዛት?» አለች። ከሽያጭ የምታገኘው እንደሚቀንስ እያወቀች ነው ይህን ያለችው። በማግሥቱ አንዱን ቀሚስ ወሰድንላት፤ አንገቱንና የታችኛውን ጠርዝ በአዲስ ጥለት ቀይራ 1,200 ብር ብቻ ተቀበለች። እህቴ በዚያው ቀሚስ ጥምቀትን አከበረች፤ ከቀሩት ሁለቱ አንዱን ደግሞ፣ ማንም ሳይነግራት፣ ከክፍለ ሀገር መጥታ እኛ ዘንድ ለምትማረው የአክስታችን ልጅ ሰጠቻት።

ጉድለቶቹንም መናገር ይገባኛል። ሱቁ መስታወትም ሆነ ልብስ መለኪያ ስፍራ የለውም። የቀሚሱ ሥራ ከተባለበት ቀን አራት ቀን ዘግይቶ ለከተራ ዋዜማ ነው የደረሰልን፤ እህቴም እስከዚያ ድረስ ተጨንቃለች። ለከፈልነው ቀብድ የተጻፈ ነገር አልተሰጠንም። የነጠላው ቀይ ጥለት በመጀመሪያው እጥበት ጥቂት ቀለም ለቅቆ ከነጩ ላይ ሮዝ ጥላ ጥሎ ነበር፤ ጥላው በሦስተኛው እጥበት ጠፋ፤ ቢሆንም ሻጯ አስቀድማ በቀዝቃዛ ውኃ ለብቻው እጠቢው ብትለኝ ኖሮ ባልደነገጥሁ ነበር። የጫፉ ቋጭ በአንድ በኩል ላላ ብሎ በራሴ እጅ አጥብቄዋለሁ።

ከዚህ በቀር ነጠላው አሳምሮኛል። ሲገዛ ትንሽ ሻካራ ነበር፤ በታጠበ ቁጥር እየለሰለሰ፣ እየሞቀም መጥቷል። ለማነጻጸር ያህል እናቴ ከሁለት ዓመት በፊት በግማሽ ዋጋ የገዛችው፣ ነጠላ መስሎ በማሽን የተሠራው ስስ ጨርቅ ጥለቱ የታተመ ስለነበር በጥቂት ወራት ፈዝዟል፤ ክሩም ተስቧል። ርካሹ በየዓመቱ ሌላ ሲያስገዛ ይኖራል፤ ደህናው ግን ሰውን ከገበያ ያሳርፈዋል። ከልክ በላይ መግዛትን ለመተው ለሚፈልግ ክርስቲያን አንድ በደንብ የተሠራ ነጠላ መግዛት የቅንጦት ወጪ አይመስለኝም።

ወደ ሽሮ ሜዳ የምትሄዱ ከሆነ በኅዳር ብታዝዙ ይሻላል፤ ከገና በኋላ ሸማኔውም ሰፊውም ይጣደፋሉ፤ ዋጋውም ይጨምራል። ድሩና ማጉ ምን ክር እንደሆነ ጠይቁ፤ እርጥብ ነጭ ጨርቅ ይዛችሁ ጥለቱን አሸት አድርጋችሁ እዩ፤ ቀብድ ስትሰጡም በወረቀት አስጽፉ። ከመውጣታችሁ በፊት ግን ቁም ሳጥናችሁን ከፍታችሁ ያለውን ቁጠሩ፤ ጥለቱ ብቻ የሚቀየር ቀሚስ ካለ ይዛችሁት ሂዱ።