የድመት አንገት ላይ የሚንጠለጠል የብሉቱዝ መፈለጊያ፦ የስድስት ወር ግምገማ

ድመቴ በተከፈተ መስኮት ወጥታ ሁለት ሌሊት ከጠፋችብኝ በኋላ፣ በአንገቷ ማሰሪያ ላይ የሚንጠለጠል የብሉቱዝ መፈለጊያ ገዝቼ ስድስት ወር ተጠቅሜበታለሁ። ብዙ ገዢዎች ልብ የማይሉት፣ መሣሪያው የራሱ የሳተላይት መቀበያ ስለሌለው ያለበትን ቦታ የሚያሳውቀው በአቅራቢያው በሚያልፉ ሰዎች ስልኮች አማካይነት መሆኑን ነው። ስለዚህ ጭር ባለ ቦታ ካርታው የሚያሳየው ድመቷ ከሰዓታት በፊት የነበረችበትን ሊሆን ይችላል።

እኔን ያረካኝ ድምፁ ነው። ከቤት ወጥታ የማታውቅ ድመት ስትጠፋ አብዛኛውን ጊዜ ሩቅ አትሄድም፤ በፍርሃት ከደረጃ ሥር ወይም ከቁጥቋጦ ውስጥ ተሸሽጋ፣ ባለቤቷ ስሟን ቢጠራ እንኳ ድምፅ አታሰማም። ዳግመኛ በጠፋችበት ጊዜ ሌሊቱ ጸጥ ሲል ወጥቼ መሣሪያውን ከስልኬ ሳስጮኸው ከጎረቤት መጋዘን ውስጥ ተሰማኝ፤ በእጅ ባትሪ ዝቅ አድርጌ ሳበራም ዓይኖቿ አንጸባረቁ።

ማሰሪያው እንዳያንቃት ሲጎተት የሚፈታ ዓይነት መሆን ይኖርበታል፤ ሲፈታ ግን መሣሪያውም አብሮ ይወድቃል። በመሆኑም ከቆዳ ሥር የሚገባውንና ባትሪ የማያሻውን ባለ 15 አኃዝ መለያ ቁጥር ማይክሮቺፕ አይተካም፤ ቺፑም በበኩሉ ቦታ አይጠቁምም፣ ድመቷን ያገኘ ሰው ወደ እንስሳት ሐኪም ሲወስዳት ተነብቦ ባለቤቷን ለማግኘት ይረዳል እንጂ።