ደብረ ማርቆስ ላይ የተፈተነ የዓሣ ውኃ ማሞቂያ

ጉፒ ሞቃት ውኃ የሚወድ ዓሣ ነው፤ ደብረ ማርቆስ ደግሞ ከባሕር ጠለል ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። ለ60 ሊትር ገንዳዬ በመጀመሪያ የገዛሁት ባለ 50 ዋት ማሞቂያ ነበር። ሻጩ ይበቃል ብሎኛል፤ አልበቃም። በታኅሣሥ ሌሊቶች ሳያርፍ እየሠራ እንኳ ውኃው 19 ዲግሪ ወርዶ ያድራል፤ ከሰዓት በኋላ 25 ይደርሳል።

ዓሣን የሚያደክመው እንዲህ ያለው መዋዠቅ ነው፤ የደከመ ዓሣ ደግሞ በሽታ አይመክትም። በዚያው ሰሞን ሁለት አዳዲስ ጉፒዎችን ለብቻቸው ሳላቆይ ቀላቀልኩ። ሳምንት ሳይሞላ የሁሉም ገላ ማኛ ጤፍ የተነሰነሰበት መሰለ፦ ነጭ ነጠብጣብ የሚያወጣው ጥገኛ ተሕዋስ። ከአሥራ አንዱ ስድስቱ ሞቱብኝ። ልጄ ስም ያወጣችላት ባለ ሰማያዊ ጭራዋም አብራ ሄደች፤ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ባለ 100 ዋቱ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የደረሰልኝ ያኔ ነው። ውኃውን ቀስ በቀስ ወደ 29 ዲግሪ አወጣሁ፤ በየሊትሩ 2 ግራም ጨው ጨመርኩ። ተሕዋሱ ቆዳ ውስጥ ተሸሽጎ ሳለ መድኃኒት አያገኘውም። የሚጠቃው ከዓሣው ወርዶ ከተራባ በኋላ ልጆቹ ሌላ ዓሣ ፍለጋ ሲዋኙ ነው፤ ሙቀት ያንን ጊዜ ያቀርበዋል። ስለዚህ ነጠብጣቡ ከጠፋም በኋላ ሕክምናውን አላቋረጥኩም። የአየር ፓምፑንም ሌት ተቀን አሠራሁ፤ የሞቀ ውኃ ኦክስጅን አይበረክትለትም፣ በእኛ ከፍታ ደግሞ አየሩ ራሱ ስስ ነው። የቀሩት አምስቱ ዳኑ።

ከዚያ ወዲህ በሌሊትና በቀን መካከል ያለው ልዩነት ከ1 ዲግሪ አልፎ አያውቅም። ጉድለቱ መቆጣጠሪያው ላይ ነው፤ 26 ላይ ሳደርገው ውኃው 24 ነው። ቴርሞሜትር ሳይገዙ እንዳያምኑት። ውኃ ሲቀይሩም ማሞቂያውን አስቀድመው ከሶኬት ይንቀሉት፤ የጋለ መስታወት ከውኃ ሲወጣ ይሰነጠቃል።

ባሕር ዳር ላለ ሰው ባለ 50 ዋቱ ሊበቃው ይችላል። ለእኛ ግን ባለ 100 ዋቱን ግዙ እላለሁ። መብራት የጠፋ ሌሊት ገንዳውን በጋቢ እሸፍነዋለሁ፤ ለአየር መግቢያ አንዱን ጥግ ክፍት እተውለታለሁ።