ጅማ ላይ የአበባ ችግኝ ለምትፈልጉ፦ ወደ ጅሬን መውጫ ያሉትን ሀጂ ሳታዩ እንዳትገዙ

ሰሞኑን ዝናቡ ጠብ ጠብ ማለት ከጀመረ ወዲህ ሰው ሁሉ ጊቢውን ማሳመር ፈልጎ የአበባ ችግኝ የት ነው የሚገኘው እያለ ስለሚጠይቅ የማውቀውን ልጻፍ ብዬ ነው። ከመርካቶ ወደ ጅሬን በሚያወጣው መንገድ፣ ዳገቱ ሳይጀምር ዳር ላይ አንድ የችግኝ መሸጫ አለ። ታፔላ ምናምን የለውም፣ ለባጃጁ ሀጂ ችግኝ ጋ አውርደኝ ካላችሁት ይበቃል። ባለቤቱ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ከልጃቸው ጋር ነው የሚሰሩት፣ እናቴ የቆየች ደምበኛቸው ስለሆነች ጊቢያችን ውስጥ ካለው አበባ አብዛኛው ከሳቸው የመጣ ነው። ስለዚ የምጽፈው አንዴ ገብቼ ያየሁትን ሳይሆን የተተከለው ስር ይዞ፣ አድጎ፣ አብቦ ካየሁት በኋላ ነው።

ሀጂን ከሌላው ሻጭ የሚለያቸው ትልቁ ነገር ጅማ ላይ የማያብብ ነገር አለመሸጣቸው ነው። እህቴ አትላንታ ነው የምትኖረው፣ እዛ ደቡቡ አካባቢ ብርዱ ቶሎ ስለሚለቃቸው ገና በየካቲት አበባው ይጀምራል፣ ቢጫው ዳፎዲል መሬቱን ይሞላዋል፣ ካሜሊያው አለ፣ ትንሽ ቆይቶ ደሞ አዛሊያው የሰው አጥር ሁሉ ሮዝ ያደርገዋል፣ እሷም እያነሳች ትልክልናለች። እናቴ ቢጫውን ስታይ በቃ ይሄን ካልተከልኩ አለችና ስልኩን ይዛ ሀጂ ጋ ሄደች። ፎቶውን ጠጋ አድርገው አዩትና "እህቴ፣ ይሄ ኃይለኛ ብርድ ካላገኘ አበባ አይሰጥሽም፣ ቅጠል ነው የምታሳድጊው፣ ገንዘብሽን አታውጪ" አሏት። እውነታቸውን ነው። ዳፎዲልም ሆነ ቱሊፕ ሽንኩርቱ (የሚተከለው ሽንኩርት መሳይ ነገር ማለቴ ነው) ከ12 እስከ 16 ሳምንት ቅዝቃዜ ውስጥ ካልቆየ አበባው በወጉ አይወጣም፣ እነሱ ጋ የብርዱ ወቅት ይሄን ያደርግላቸዋል፣ የኛ የታህሳስ ሌሊት ግን ጋቢ ቢያስደርብም ለዛ አይበቃም። አንድ ጎረቤታችን በዛው ሰሞን ከቴሌግራም ላይ የቱሊፕ ሽንኩርት በውድ አዞ ነበር፣ በማንኛውም የአየር ንብረት ያብባል ተብሎ ነው የተሸጠለት፣ ሁለት ሶስት ቅጠል አወጣና በሰበሰ፣ ሻጩን ሲጠይቀው ደሞ ብሎክ አደረገው። ሀጂ እኮ ያንኑ ሽንኩርት አስመጥተው ለእናቴ ቢሸጡላት ታምናቸው ነበር፣ አላደረጉትም።

ስለ አዛሊያው ስትጠይቃቸው "እሱስ ይሆናል፣ የኛን ዓይነት አፈር ነው የሚወደው፣ ግን እኔ ጋ የለም" አሏት። ካሜሊያውን ሲያዩ ደሞ የሻይ ቅጠል ዘመድ እንደሆነ ነገሯት። ይሄን እኔም አላውቅም ነበር፣ ውሽውሽ የሚለቀመው ሻይ ራሱ የካሜሊያ ወገን ነው፣ አበባም አለው፣ ነጭ ሆኖ መሃሉ ቢጫ፣ ሁሌ እየተቀነጠበ ስለሚኖር ነው እንጂ ብዙ አናየውም። ሸቀጥ ሳይሸጡ እንዲህ ቁጭ ብለው የሚያስረዱ ሰው ስንት አለ?

ታዲያ በዳፎዲሉ ፋንታ ወደ ጓሮ ገቡና ከደረቅ አፈር ውስጥ ቀይ ሽንኩርት የሚያክል ነገር ቆፍረው አመጡላት። እሳቸው ቀዩ ኳስ ይሉታል፣ ኢንተርኔት ላይ ስፈልገው ስካዶክሰስ የሚባለው ነው። ይሄ ተክል በጋውን ተኝቶ ይከርማል፣ ውሃ እንኳን አይፈልግም፣ ልክ የመጀመሪያው ዝናብ መሬቱን ሲያርሰው ቅጠሉ በደንብ ሳይዘረጋ አገዳው ቀድሞ ብቅ ይላል፣ ከታች ጠቆር ጠቆር ያለ ነጠብጣብ አለበት፣ ጫፉ ላይ ያለው እንቡጥ ሲከፈት ቀጫጭን ቀይ አበቦች ተያይዘው ይዘረጉና ሙሉ ክብ ይሆናሉ፣ የያንዳንዱ ክር ጫፍ ላይ ቢጫ ብናኝ አለ፣ ከነካችሁት ጣታችሁ ላይ ይቀራል። ደሞ ከውጭ የመጣ አይደለም፣ የራሳችን አገር ጫካ ውስጥ ዛፍ ስር የሚበቅል ነው፣ ለዛ ነው እናቴ ጓሮ ቡናው ስር የተከለችው፣ ጥላውን ወዶታል። ቡናው ደግሞ እንቡጡን በበጋ ይዞ ይቆይና ጥሩ ዝናብ ካገኘ ከሳምንት ትንሽ አለፍ ብሎ በአንድ ቀን ነጭ ይለብሳል፣ ከዛ ሁለት ሶስት ቀን ነው፣ ይረግፋል። ዘንድሮ ሁለቱ ገጠሙ፣ ከላይ ነጩ የቡና አበባ ከታች ቀዩ ኳስ፣ ሽታው ሳሎን ድረስ ይገባል፣ እህቴ ቪዲዮውን ስታይ የኔን ዳፎዲል እርሱት ነው ያለችው።

ብቻ ልጅ ያላችሁ ወይ በግ ላም ምናምን የምታረቡ ተጠንቀቁ፣ የቀዩ ኳስ ሽንኩርት መርዛማ ነው፣ ሀጂ ራሳቸው ሲሸጡ ይናገራሉ።

ሌላው ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ሰማያዊው ሀይድሬንጃ ነው፣ ያ ትልልቅ አበባ ያለው በየጊቢው ጥላ ጥላ ቦታ የምታዩት። እሳቸው ከእናት ተክሉ ቆርጠው ስር አስይዘው ነው የሚሸጡት። አክስቴ ከዚሁ አንድ ገዝታ ስታሳድገው አበባው ሮዝ ሆኖ ወጣ፣ ተሸወድኩ ብላ ተናዳ ሄደች። "ሀጂ፣ ሰማያዊ ነው ብለው አልነበር እንዴ የሸጡልኝ?" ስትላቸው ምንም ሳይቆጡ "የት ነው የተከልሽው?" አሏት፣ አጥሩ ስር ስትላቸው "ሲሚንቶው ነዋ!" አሉ። ነገሩ ምን መሰላችሁ፣ የጅማ ቀይ አፈር አሲዳማ ነው፣ ገበሬው ማሳው ላይ ኖራ የሚበትነውም ለዚ ነው፣ አሲዳማ አፈር ውስጥ ደሞ አሉሚኒየሙ ስለሚሟሟ ሀይድሬንጃው ይስበውና አበባው ሰማያዊ ይሆናል። ከሲሚንቶ አጥር የሚወርደው ውሃ ኖራ ይዞ ስለሚመጣ አሲዱን ይቀንሰዋል፣ አበባው ወደ ሮዝ ይሄዳል። አመድም እንደዛው ነው፣ እና እኛ ሰፈር አመድ አበባ ስር መድፋት የተለመደ ስለሆነ ይሄን ልብ በሉ፣ ሰማያዊ የምትፈልጉ ከሆነ አመዱን ለሌላ አድርጉት። አክስቴ አሁን አንዱን እዛው አጥሩ ስር ትታ ሌላ ገዝታ ጓሮ መሃል ተክላለች፣ ሁለቱም ከለር አላት።

የችግኞቹ ጥራት ላይ ልምጣ። ጽጌረዳ ስትገዙ ሳትጠይቁ ፕላስቲኩን ከታች በኩል ገለጥ አድርገው ስሩን ያሳዩዋችኋል፣ ነጣ ያለ ቀጫጭን ስር አፈሩን ይዞት ካያችሁ ጤነኛ ነው፣ ጠቁሮ የላሸቀ ወይም ፕላስቲኩ ውስጥ ዙሪያውን የተጠመጠመ ከሆነ እሳቸው ራሳቸው ለይተው ያስቀምጡታል። ሌላ ቦታ ፕላስቲኩን ልንካ ስትሉ የሚቆጣችሁ ሻጭ አለ፣ እዚ የለም። ጽጌረዳውን በጥር መጨረሻ ወደ ውጭ ካየው ዓይን (ቀንበጥ ከሚወጣበት እብጠት) በላይ ነው የሚቆርጡት፣ ከተቆረጠ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው አዲሱ ቀንበጥ ላይ አበባ ስለሚያመጣ መጋቢት ላይ ስትሄዱ ገና እንቡጥ እንቡጡን ይዞ ይጠብቃችኋል፣ የገዛችሁት ምን ከለር እንደሆነ አይታችሁ ትወስዳላችሁ ማለት ነው።

አፈራቸውም ጥሩ ነው። ከቡና መፈልፈያ የሚወጣውን ገለፈት ሰብስበው ከፍግ ጋር ከምረው እስኪበሰብስ ያቆዩታል፣ ጥቁር ሆኖ ሲፈረፈር ከቀይ አፈር ጋር ይቀላቅሉታል፣ በጆንያም ይሸጡላችኋል። ጅማ ላይ ገለፈት በየቦታው ስላለ ራሴ አመጣለሁ የምትሉ ካላችሁ ትኩሱን እንዳታደርጉት፣ ሳይበሰብስ ከገባ ናይትሮጅኑን ራሱ ስለሚወስደው ችግኙ ቢጫ ይሆንባችኋል። ይሄንንም የነገሩኝ እሳቸው ናቸው፣ ጆንያውን ሳልገዛ።

አሁን ደሞ ያልወደድኩትን። አንደኛ ችግኞቹ ላይ ምንም ስም አልተጻፈም፣ ሀጂ ካሉ ሁሉንም በቃላቸው ይነግሯችኋል፣ ከሌሉ ግን ልጁ ገና ስለሆነ ዳሊያውን ከሌላው አይለይላችሁም፣ ፀሐይ ይወዳል ወይስ ጥላ ስትሉት እህ እህ ይላል። በተለይ መርዛማዎቹ ላይ ቢያንስ በፓርከር የተጻፈ ምልክት ሊኖር ይገባል፣ በቃል ብቻ የሚተው ነገር አይደለም፣ ይሄን ለሀጂም ነግሬያቸዋለሁ፣ እሺ ብለዋል፣ እስካሁን ግን አላየሁም። ሁለተኛ ዝናብ ሲዘንብ መተላለፊያው ጭቃ ነው፣ ቦቲ ጫማ አድርጋችሁ ሂዱ፣ ትልልቅ ሰዎች ይዛችሁ ከሆነ ደሞ ደረቅ ቀን ምረጡ፣ ያንሸራትታል። ፖት ምርጫ የላቸውም፣ ፖቱን ከመርካቶ ግዙ።

ዋጋው ተራ የሚባለው የአበባ ችግኝ ከ50 ብር ይጀምራል፣ ጽጌረዳ 150 እና 200፣ ሀይድሬንጃ 250 ነው ባለፈው የገዛነው፣ ቀዩን ኳስ ለእናቴ በነጻ ነው የሰጧት ግን ለሌላ ሰው ሲሸጡ አይቻለሁ። ከጥግ ጥጉ ሻጮች ትንሽ ይወደዳል፣ ግን የሞተባችሁን ስታመጡ የሚቀይሩላችሁ እሳቸው ብቻ ናቸው፣ እናቴ አንድ ጽጌረዳ ደርቆባት ስትወስደው ስሩን አይተው ውሃ እንደበዛበት ነግረዋት ሌላ ሰጥተዋታል። ቴሌብር ይቀበላሉ። ብዙ ከገዛችሁ ባጃጅ ይጠሩላችኋል፣ ችግኙን በካርቶን አድርገው አጠጋግተው ስለሚደረድሩት መንገድ ላይ አይሰበርም።

ካሁኑ እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ መሄድ ነው የሚሻለው፣ ዝናቡ እየጠነከረ ስለሚሄድ ውሃ እያጠጣችሁ አትቸገሩም፣ ችግኙም በጋ ሳይመጣ ስር ይይዛል። ጠዋት ሂዱ፣ ከሰዓት ሀጂ ብዙ ጊዜ አይገኙም፣ ዓርብ ለጁምዓ ይዘጋሉ፣ ሐሙስ ደሞ ገበያ ስለሆነ ባጃጅ ማግኘት ይከብዳል። ቀዩን ኳስ የምትፈልጉ ግን አበባውን እስክታዩ አትጠብቁ፣ ሽንኩርቱን ቆፍረው የሚሰጡት በበጋ ተኝቶ እያለ ስለሆነ ከታህሳስ እስከ ጥር ባለው ጊዜ ቀድማችሁ ንገሯቸው፣ የዘንድሮው አልቋል።