ለካሜራ የቱ ይሻላል፦ ቤተ ማርያም ወይስ ይምርሃነ ክርስቶስ?

ላሊበላ ደርሳችሁ ለፎቶ አንድ ቀን ብቻ ካላችሁ ከሁለቱ አብያተ ክርስቲያናት መምረጡ ይከብዳል።

ቤተ ማርያም እዚያው ከተማው ውስጥ ናት። ከአለት ስለተፈለፈለች ጌጧ ከግድግዳዋ አይለይም። ቅስቶቹና ጣሪያው በቅርጽና በቀለም ተሞልተዋል። መሐል ያለው ዓምድ ግን በጨርቅ ተጠቅልሏል፤ ግለጡልኝ ብሎ ነገር የለም። ከመውጣታችሁ በፊት በምዕራቡ በር በላይ የተቀረጹትን ፈረሰኞች እንዳትረሱ።

ይምርሃነ ክርስቶስ ደግሞ ከከተማው ውጭ፣ ዋሻ ውስጥ የታነጸ ነው። እንጨትና ነጭ ልስን እየተፈራረቁ የተነባበሩበት ግድግዳው ብቻውን ቀኑን ሙሉ ያስውላል። ውስጥ ስትገቡ ቀና በሉ። የጣሪያው የእንጨት ሥራ መስመሩና ማዕዘኑ ጉድ ያሰኛል። ችግሩ ጨለማው ነው። እኔ በእጄ ይዤ ካነሳሁት አብዛኛው ደብዝዞ ቀረ። ስታንድ (የካሜራ ማቆሚያ) ከተፈቀደላችሁ ሹተሩን፣ ማለትም ብርሃን የሚያስገባውን የካሜራ መዝጊያ፣ 2 ወይም 3 ሰከንድ ክፍት አድርጉት። ካልተፈቀደ ዓምድ ተደግፋችሁ ትንፋሻችሁን ያዙ።

ፍላሽ በሁለቱም ጋ ይቅር። የሚጸልየውን ሰው ይረብሻል፣ ሥዕሉንም ያንጸባርቃል። ቄሱን ሳታስፈቅዱም አትጀምሩ።

ስልክ ብቻ ከያዛችሁ ቤተ ማርያም ትበቃችኋለች። ካሜራና ትዕግሥት ካላችሁ፣ መንገዱ ቢያንገላታም፣ እኔ ይምርሃነን እላለሁ።