ካይሴዶ፣ ላቪያ ወይስ ግራቨንበርች፦ ገንዘቡ የእኔ ቢሆን የምገዛው

ክረምት ሲቃረብ ለሰፈራችን ቡድን ተጫዋች ማሰባሰብ ይጀመራል፤ ያው ጥያቄም ይመለሳል። «ወጣት አማካይ ስንመርጥ ምኑን እንይ?» ጓደኞቼ እኔን የሚጠይቁኝ አንድ ጊዜ ክፉኛ ስለከሰርኩ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ኮሚቴው ከነዋሪው የሰበሰበውን 30 ሺህ ብር በእኔ ምክር ለአንድ የ19 ዓመት አማካይ ፊርማ ከፈለ። ልጁን የወደድኩት አንድ ጨዋታውን ብቻ አይቼ ነበር። በሁለተኛው ግጥሚያ የኋላ ጭኑን ይዞ ወጣ፤ ውድድሩ እስኪያልቅም አልተመለሰም። ቀድሞም ያው ጡንቻ ያመው እንደነበር የሰማሁት ብሩ ከእጃችን ከወጣ በኋላ ነው።

ስለዚህ መልሴን ሁላችንም በምናውቃቸው ሦስት ተጫዋቾች ላስረዳ። በ2023 የዝውውር መስኮት ሄንደርሰን እና ፋቢንዮ ወደ ሳዑዲ በመሄዳቸው የሊቨርፑል መሐል ሜዳ ሳስቶ ነበር። ክለቡ በመጀመሪያ ሞይሰስ ካይሴዶን ፈለገ፤ ከብራይተን ጋርም በ111 ሚሊዮን ፓውንድ ተስማማ። ልጁ ግን ቼልሲን መረጠ። ቀጥሎ ሮሜዮ ላቪያን ጠየቀ፤ እሱም ወደ ቼልሲ ሄደ። ራያን ግራቨንበርች የመጣው መስኮቱ ሊዘጋ ሲል፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሴፕቴምበር 1 ቀን 2023 ነው።

ዋጋውን ልቁጠር። ቼልሲ ለካይሴዶ 100 ሚሊዮን ፓውንድ ከፍሎ እንደ ውጤቱ የሚጨመር 15 ሚሊዮን ቃል ገባ። ለላቪያ 53 ሚሊዮን፣ ጭማሪው ደግሞ 5 ሚሊዮን። ሁለቱ ሲደመሩ ያለ ጭማሪው 153፣ ከነጭማሪው 173 ሚሊዮን ይሆናሉ። ለግራቨንበርች የተከፈለው 34 ሚሊዮን ገደማ ነው። የካይሴዶ መነሻ ዋጋ ሦስት ግራቨንበርች ለመግዛት የሚጎድለው 2 ሚሊዮን ብቻ ነው! ብራይተን ይህንኑ ካይሴዶን በ2021 ከኢኳዶር ያመጣው ደግሞ 5 ሚሊዮን በማይሞላ ገንዘብ ነበር። ዕቃው ያው ነው፤ የተለወጠው የተገዛበት ሰዓት ነው።

ላቪያን ሳስብ የራሴ ኪሳራ ፊቴ ላይ ይደቀናል። ችሎታው አያጠያይቅም፤ ኳስ ሲቀበል ያለው እርጋታ ከዕድሜው የቀደመ ነው። ነገር ግን ነሐሴ 2022 ለሳውዝሃምፕተን ተሰልፎ ቼልሲ ላይ ጎል ባስቆጠረበት በዚያው ጨዋታ የኋላ ጭን ጡንቻው ተጎድቶ ወጣ። ገዢው ጎሉንም ጉዳቱንም በአንድ ምሽት፣ በአንድ ሜዳ ላይ አይቷል ማለት ነው። ቼልሲ በገባበት የመጀመሪያ ዓመት በሊጉ የተሰለፈው ለ32 ደቂቃ ብቻ ነው። መነሻ ዋጋውን ለደቂቃዎቹ ብናካፍል አንዷ ደቂቃ ከ1.6 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ወጥታለች። ጡንቻ እንደ ታኬታ ጫማ ተሰፍቶ አይመለስም። ልጁን አልወቅሰውም፤ ሐኪም ሳይጠይቁ መክፈልን ግን እወቅሳለሁ፤ ያደረግኩት ነገር ነውና።

ካይሴዶ ሌላ ነው። ዌስትሃም ላይ ተቀይሮ ገብቶ የፍጹም ቅጣት ምት ባሰጠበት የመጀመሪያ ጨዋታው ብዙዎች ተሳልቀውበት ነበር፤ በኋላ ግን የቼልሲ ምሰሶ ሆነ። ኳስ በመንጠቅ ከግራቨንበርች ይበልጣል፤ ይህን አልክድም። ሲያስፈልግ ቀኝ ተከላካይም ይሆናል። ቦታው 6 ቁጥር፣ ማለትም ከተከላካዮቹ ፊት የሚቆመው አማካይ መሆኑን ግን ሁሉም ያውቅ ስለነበር ያ እውቀት በዋጋው ውስጥ ገብቷል።

የእኔ ምርጫ ግራቨንበርች ነው። በ16 ዓመቱ የቀድሞውን ኮከብ የሴዶርፍን ክብረ ወሰን ሰብሮ በሊግ የተሰለፈ የአያክስ ትንሹ ተጫዋች ሆነ። ባየርን ሙኒክ ሲገባ ግን በቡንደስሊጋው በቋሚነት የጀመረው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። ሊቨርፑልም በመጀመሪያው ዓመት በአሰልጣኝ ክሎፕ ሥር 8 ቁጥር፣ ማለትም ወደ ፊት የሚገፋ አማካይ ሆኖ ወጣ ገባ አለ። በ2024 ክሎፕን የተካው አሰልጣኝ አርኔ ስሎት ስፔናዊውን አማካይ ዙቢሜንዲን ፈልጎ ሳያገኝ ሲቀር ይህንን ልጅ ወደ ኋላ አውርዶ 6 ቁጥር አደረገው። በዚያው የውድድር ዓመት ሊቨርፑል 20ኛውን የእንግሊዝ ሊግ ሻምፒዮንነት ዋንጫ አነሣ፤ ግራቨንበርችም የፕሪሚየር ሊጉ ምርጥ ወጣት ተጫዋች ተባለ።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ስጦታው ጀርባውን ለተጋጣሚ ሰጥቶ የተቀበለውን ኳስ በአንድ ዙረት ወደ ፊት ማዞርና ይዞ መገስገስ ነው። 8 ቁጥር ወይም ከአጥቂው ኋላ የሚጫወተው 10 ቁጥር ሲሆን፣ ከዞረ በኋላ ፊቱ ላይ አራት ተከላካይ ይቆማል፤ ጎል አግቢም አይደለም። ከኋላ ሲነሣ ግን መጀመሪያ የመጣበትን አጥቂ ካለፈ ሜዳው ይከፈትለታል። ረጅም እግሩም የቅብብል መስመር ለማቋረጥ ያገለግለዋል። ጉድለት የለበትም አልልም፤ በራሱ ክልል ኳስ ይዞ ሲዞር ልብ ያስጨንቃል፣ በዋንጫው ዓመት በሊጉ አንድም ጎል አላገባም፣ በመጨረሻው ዕለትም በቀይ ካርድ ወጥቷል። በ34 ሚሊዮን ግን እነዚህን እሸከማለሁ።

አሁን የሚያስፈራኝ ቅጂው ነው። ረጅም 8 ቁጥር ሁሉ ወደ ኋላ ቢወርድ ግራቨንበርች ይሆናል የሚሉ አሰልጣኞች በዝተዋል። ባለፈው ዓመት እኛም ሞክረነዋል፤ ቁመተ ረጅሙ ልጃችን ኳስ በመጣለት ቁጥር ወደ ግብ ጠባቂያችን ይመልስ ነበር። ቁመቱን አይተን አንገቱን አላየንም። ኳሱ ከመድረሱ በፊት ትከሻውን አሻግሮ ወደ ኋላ የሚያይ ልጅ ይዞራል፤ የማያይ አይዞርም።

ለዘንድሮው ኮሚቴ የምለው ይኸው ነው። በመስመር በኩል የሚሰለፈውን፣ ጎል አያገባም ተብሎ ተጠባባቂ ወንበር ላይ የሚቀመጠውን ልጅ ፊርማ ሳይጠየቅ አስመጡት። በልምምድ ጨዋታ ግማሽ ሰዓት ብቻ ከተከላካዮቹ ፊት አቁሙትና አንገቱን ስንት ጊዜ ወደ ኋላ እንደሚያዞር ቁጠሩ። ጭኑን ደግሞ ከመክፈላችሁ በፊት ሐኪም ይየው።